ቀስ ብዬ እንድሮጥ ያደረገኝ ሰዓት

ሩጫ ለጀመረ ሰው የጂፒኤስ ሰዓት ትልቁ ውለታው ማዘግየቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሚሮጥ ደግሞ ይህ ውለታ እጥፍ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለ ሰው ወደ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ተወልደን ብናድግበትም ልባችን ስንሮጥ ከቆላው ሰው ልብ በላይ ይሠራል። ሶምሶማ የጀመረ ሰው ገና መንገዱን ሳያጋምስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ቢል ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ለአቅሙ ፈጥኖ ነው። ብዙ ሰው «ሩጫ ለኔ አይሆንም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ስለሆነ ያሳዝነኛል።

የኔ ሰዓት እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ ጋርሚን ፎርረነር 55 ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለጀማሪ የሚበቃ ሰዓት ነው። ሱንቶ ወይም ኮሮስ ያሰራችሁም ብትሆኑ የምነግራችሁ ነገር ይሠራል። የሚለያየው የሜኑው ቦታ ነው።

መጀመሪያ የነካሁት ስክሪኑን ነው። ሰዓቱ ሲመጣ ርቀት፣ ፔስ፣ ሰዓትና ሌላም ሌላም ይደረድራል። እኔ ሁለት ነገር ብቻ አስቀረሁ፦ የሮጥኩበትን ደቂቃና የልብ ምቴን። ፔሱን ከፊቴ አነሳሁት። አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደምሮጥ በየሰከንዱ የሚያሳየው ቁጥር በጣም ይዘላል። ዛፍ ሥር ስትገቡ፣ ፎቅ ሲጋርዳችሁ፣ እግራችሁ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። ጀማሪ እሱን ካየ ማሳደድ ይጀምራል። ቤት ገብቼ የጠቅላላውን አማካይ ስልኬ ላይ አየዋለሁ፤ ይበቃኛል።

ቀጥሎ የልብ ምት ማንቂያውን ሞላሁ። ሰዓቱ ከፍተኛውን ምት የሚገምተው ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ነው። እኔ 36 ዓመቴ ስለሆነ 184 አለኝ። ይህ ግምት ነው። በሁለት እኩዮች መካከል የአሥር ምትና ከዚያም በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በቀመሩ ላይ ብቻ አልተማመንኩም። እየሮጥኩ ማውራት የምችልበትን ምት ፈለግኩ።

ያገኘሁት ጃን ሜዳ ነው። ሰዓቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ የሚል ማንቂያ አለ። እጄ ላይ ይነዝረኛል፣ እሮጣለሁ፤ ይነዝረኛል፣ እራመዳለሁ። ቱታ የለበሱ አንድ አዛውንት ሲያዩኝ ቆይተው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምነው አሁንም አሁንም ትቆሚያለሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ደህና ነኝ። ሰዓቱ ነው አርፊ የሚለኝ።»

እጄን ይዘው ስክሪኑን አዩት። «ይሄማ አሠልጣኝ ነው! በይ ነይ፣ ከኔ ጋር ዱብ ዱብ በይ» አሉኝ። አብረን ሮጥን። መንገዱን ሙሉ አወሩኝ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ጃን ሜዳ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር። እኔም ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየመለስኩ ነው። ሰዓቱን ሳየው 146 ይላል። ትንሽ ስንፈጥን 155 ገባ፣ መልሴም «እህ» እና «አዎ» ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቂያዬ 150 ላይ ነው። ካለፈ እራመዳለሁ። ሲወርድ እቀጥላለሁ። ሁለት ደቂቃው ሦስት፣ ከዚያ አምስት እየሆነ ሄደ።

የልብ ምቱ ቁጥር የሚታመነው ሰዓቱ በደንብ ከታሰረ ነው። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ መብራት በቆዳችሁ ሥር የሚያልፈውን ደም ነው የሚያነበው። የእጅ አንጓ አጥንት ላይ ካረፈ ወይም ከላላ ይሳሳታል። ከአጥንቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ እንዳይንሸራተት ጠበቅ አድርጉት። የኅዳርና የታኅሣሥ ጧት ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። እጅ ሲቀዘቅዝ ደሙ ከቆዳው ስለሚሸሽ ሰዓቱ የሚያነበው ያጣል። እኔ ቤት ውስጥ አሟሙቄ፣ እጅጌዬን ሰዓቱ ላይ ጎትቼ ነው የምወጣው። አንዳንዴ ደግሞ ትንፋሻችሁ ረጋ ብሎ ሳለ ሰዓቱ 170 ይላል። ያኔ የእግራችሁን ምት ከልባችሁ ምት ጋር አምታቶት ሊሆን ይችላል፤ የሩጫ እርምጃ በደቂቃ እዚያው አካባቢ ነውና። ቆም ብላችሁ አንገታችሁ ላይ ሁለት ጣት አድርጉ፣ 15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በአራት አባዙት። ሰዓቱን አውልቆ መልሶ ማሰር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ሳተላይትም ትዕግሥት ይፈልጋል። ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ሆናችሁ ብትጀምሩ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የተበላሸ ነው። ሰማይ ወደሚታይበት ወጥቼ፣ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቄ ነው የምጀምረው። ሌላም ነገር አለ። ሰዓቱ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚገምት ፋይል በስልክ በኩል ያወርዳል። ኢንተርኔት ጠፍቶ ወይም ስልኩን ሳላገናኝ ቀናት ካለፉ ፋይሉ ያረጃል፣ ጥበቃውም ይረዝማል። ስለዚህ ማታ ቻርጅ ሳደርግ አብሬ አገናኘዋለሁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ግማሽ ሲደርስ እሰካዋለሁ። ገመዱ ደግሞ የራሱ ብቻ ነው፣ የስልክ ቻርጀር አይገባበትም። የሚልክላችሁ ሰው ካለ ሁለት ገመድ ይላክ በሉ።

ለገሃርና ሰንጋ ተራ አካባቢ ስሮጥ ካርታው ላይ ፎቅ ሰንጥቄ ያለፍኩ ይመስላል። ሲግናሉ ከፎቆቹ መስታወት ነጥሮ ስለሚመጣ ነው። እዚያ ያለውን ርቀት ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

እንጦጦ ግን የሁሉም ነገር መፈተኛ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስታችሁ ወደ ማርያም ስትወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ዳገቱ ላይ እየተራመድኩ ልቤ 155 ይመታል። በዚያ ሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ቢፈጅ ምን ይገርማል? ስወርድ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ያምራል፣ ጉልበቴ ግን እየተቀጠቀጠ ነው። በባሕር ዛፉ መሃል የሚሠሩትን አትሌቶች እዩ። ተከታትለው፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ፣ ዝግ ብለው ነው የሚሮጡት። ስንት ሮጣችሁ ብትሏቸው «አንድ ሰዓት ከአሥር» ነው መልሱ። ቀላል ሩጫ በደቂቃ ይለካል። ከዚያ በኋላ ዕቅዴን በሙሉ ከኪሎ ሜትር ወደ ደቂቃ ቀየርኩት፤ ማክሰኞ 30፣ ሐሙስ 30፣ እሑድ 50።

እህቴም ትሮጣለች። በዱባይ ክረምት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ በባሕሩ ጠረፍ ላይ። እኔ ኪሎ ሜትሩን በ7:40 ደቂቃ በምሮጥበት የልብ ምት እሷ በ6:30 ትሮጣለች። ይህ ልዩነት ሁሉ የአቅም አይደለም፤ የአየሩም ድርሻ አለበት። ሰዓቱ «የአካል ብቃትሽ ይህን ያህል ነው» የሚለውን ውጤትም በዚሁ ዓይን እዩት። የሚያወዳድረው ፔስን ከልብ ምት ጋር ስለሆነ ደገኛውን ዝቅ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። እኔ ማሳያውን አጥፍቼዋለሁ።

የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው። በወር አንዴ፣ ጃን ሜዳ ላይ፣ ልቤን 148 አካባቢ ይዤ 20 ደቂቃ እሮጥና አማካዩን ፔስ እጽፋለሁ። ስጀምር 8:40 ነበር። አሁን 7:40 ነው። ልቤ አልጨመረም፣ እግሬ ግን ፈጠነ። በሳምንት ልዩነት አይታይም። በወራት ይታያል።

ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደውን የታላቁን ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ሰዓቱ የየኪሎ ሜትሩን ጊዜ በራሱ ቆርጦ እንዳይመዘግብ አጥፍቼ፣ የኪሎ ሜትሩን ምልክት ሳይ ራሴ ቁልፉን እጫን ነበር። በዚያ ሕዝብ መሃል ሰው እየዞራችሁ ስትሮጡ ሰዓቱ ከ10 በላይ ይቆጥራል። የኔ 10.4 አለ። ማንቂያውን ለዚያ ቀን 165 ላይ አደረግኩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ሰው ሁሉ ሲቀድመኝ ሰዓቱ ዝም እስኪል ድረስ ቀነስኩ። ከሰባተኛው በኋላ ቀድመውኝ የነበሩትን ብዙዎቹን እየተራመዱ አገኘኋቸው። እኔ እየሮጥኩ ነበር።