የሽርሽር ስንቅና የበጋ ፀሐይ

በበጋ ወደ መናፈሻ ወጥቶ ሣር ላይ ምሳ የመብላት ሐሳብ ሲነሳ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይዘን እንሂድ?» ብሎ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት የምጀምረው ከዚሁ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩን ገልብጬ «በስንት ሰዓት ነው የምንበላው?» ከሚለው እነሳለሁ። ምግቡ ከፍሪጅ ወጥቶ ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ሲታወቅ፣ ምን መያዝ እንደሚቻልና ምን ቤት መቅረት እንዳለበት አብሮ ይታወቃል።

ሥጋ፣ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የወተት ተዋጽኦ፣ የበሰለ ሩዝና ድንች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆዩ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባባቸዋል፤ ከተመቸው አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከቅዝቃዜ የወጣ እንዲህ ያለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ባለፈበት ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ቆይቶ እንዳይበላ ይመከራል። ሁለት ሰዓት ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። መኪና ውስጥ ያለፈውን ጊዜ፣ ቦታ ስንመርጥ የቆምንበትን፣ ዘግይቶ የሚመጣውን ጓደኛ የጠበቅንበትንና ልጆቹ ኳሳቸውን እስኪጨርሱ የታገስንበትን ስንደምር ግን ገና ክዳኑ ሳይከፈት ሰዓቱ ያልቃል።

በዚህ ጉዳይ ማዮኔዝ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ እሰማለሁ። ከፋብሪካ የሚመጣው ማዮኔዝ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ስላለበት ኮምጣጣነቱ ለባክቴሪያ አይመችም፤ የድንች ሰላጣ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የድንቹ፣ የእንቁላሉ ወይም የዶሮው ነው። ቤት ውስጥ በጥሬ እንቁላል የሚመታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለሽርሽር አልይዝም። ሐብሐብም ሳይቆረጥ ከሆነ በመኪና ወለል ላይ ተንከባልሎ ቢሄድ ምንም አይሆንም፤ አንዴ ቢላዋ ካረፈበት ግን እንደ ዶሮው ሰዓት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ከነልጣጩ እወስደውና ልንበላ ስንል እቆርጠዋለሁ።

ለመንገድ የሚመች ምግብ የምለው ቀዝቃዛውን ሲበሉት የሚጥመውን፣ በአንድ እጅ የሚያዘውንና ተጭኖ ቅርጹን የማያጣውን ነው። ሳንድዊች ሦስቱንም ያሟላል፤ ነገር ግን ቲማቲም አብሮት ከገባ በሰዓቱ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። የተቆረጠ ቲማቲም ጨው ሲነካው ውኃውን ይተፋል፤ ያ ውኃ ወደ ዳቦው ይሰርጋል፤ ከዚያ መጠቅለያውን ስንገልጥ የዳቦው ሆድ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ይቀርና በእጃችን የሚመጣው ጠርዙ ብቻ ይሆናል። የእኔ መፍትሔ ሁለት ነው፤ የዳቦውን ውስጠኛ ገጽ እስከ ዳር ድረስ ቅቤ መቀባት፣ ቅባት ውኃ ስለማያሳልፍ፣ ቲማቲሙን ደግሞ ሳልቆርጠው ይዤ ሄጄ እዚያው መክተፍ። ሰላጣም ማጣፈጫው በትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ሄዶ ሊበላ ሲል ቢፈስበት ይሻላል።

ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው። የሚበስለውን ሁሉ አብስዬ፣ ወፍራም ድስት ውስጥ እንዳለ ከመተው ይልቅ ጠፍጣፋና ሰፊ ዕቃ ላይ ዘርግቼ፣ ትኩሳቱ ወጣ ሲልለት ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ትኩስ ምግብ በቀጥታ የበረዶ ሳጥን ውስጥ መክተት በረዶውን በከንቱ ማቅለጥ ነው። ከዚያ የውኃ ጠርሙሶችን ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ። ውኃ ሲረጋ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ ጠዋት ታችው አብጦ መቆም አቅቶት ይገኛል፤ ስለዚህ ከአንገቱ ዝቅ አድርጌ ነው የምሞላው። እነዚህ ጠርሙሶች ጠዋት በረዶ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ስለሚሆኑ የተፈጨ በረዶ ከመግዛትና ሳጥኑን ከማጨቅየት አድነውኛል።

በረዶ የሚያቀዘቅዘው ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት ስለሚወስድ ጭምር ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ ውኃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ያህል ለማድረስ ከሚበቃው ጋር ይስተካከላል። ያ ሁሉ ሙቀት ከምግቡና ከሳጥኑ አየር የሚወሰድ ስለሆነ ጥቂት በረዶ ረጅም ሰዓት ያገለግላል፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ በረዶውን ከሥር ብቻ ሳይሆን ከላይም አደርገዋለሁ፤ የተረፈውን ክፍት ቦታ ደግሞ በፍራፍሬ ወይም በታጠፈ ፎጣ እሞላዋለሁ፤ ባዶ አየር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ወጥቶ በሞቀ አየር ይተካልና።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ጊዜ ምግቡንም ለስላሳውንም በአንድ ትልቅ ሳጥን አጭቄ ሄድኩ። ልጆቹ በየአምስት ደቂቃው እየመጡ ክዳኑን ይከፍታሉ፤ አንዱ የሚፈልገው ጣሳ ከሥር ስለሆነ እስኪያገኘው ድረስ ክንዱን እስከ ክርኑ ሰዶ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ክፍት ትቶት ይሮጣል። ልንበላ ስንቀመጥ በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኖ የዶሮው ዕቃ በላዩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆየ የሚያውቅ ስላልነበረ እህቴ ሳትናገር ዕቃውን አንስታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው፤ እኛም በዳቦና በሙዝ ዋልን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳጥን ነው የምይዘው፤ የመጠጡ እንደፈለገ ይከፈታል፣ የምግቡ ግን ከምሳ በፊት አይነካም።

ዕቃ ስከት የማስበው ስደርስ መጀመሪያ የምፈልገውን ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ ይገባል። ምንጣፉ ከሁሉ በላይ፣ ከሥሩ ውኃ የማያስገባ ሸራ፣ ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ ከዚያ ሳህንና ሹካ። ጥሬ ሥጋ እዚያው የምንጠብስ ከሆነ ከሁሉ በታች፣ በደንብ ታሽጎ፤ ቢያፈስ እንኳ የሚያገኘው ሌላ ምግብ እንዳይኖር። የሚረሱት ሁልጊዜ ትንንሾቹ ናቸው፤ ጨው፣ ሶፍት፣ ቢላዋ፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠርሙስ መክፈቻ። እኔ መክፈቻውን በሲባጎ ከቅርጫቱ እጀታ ጋር አስሬዋለሁ፤ ለዓይን አያምርም፣ ነገር ግን ጠርሙስ በጥርስ ለመክፈት የሚሞክር ዘመድ ከማየት ይሻላል።

ስለ ቦታው ብዙ የምለው የለም። መናፈሻው እሳት ወይም የመስታወት ጠርሙስ የሚፈቅድ መሆኑን፣ ቧንቧና መጸዳጃ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። ጥላ ግን ስሌት ይፈልጋል። ስንደርስ ያለው ጥላ ስንበላ አይገኝም፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ጥላው ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ፣ ምንጣፉን ከዛፉ በስተምሥራቅ ያነጠፈ ሰው ጥላው እየመጣለት ይቀመጣል፤ በስተምዕራብ ያነጠፈው ምንጣፍ እየጎተተ ይውላል። ሳጥኖቹም የዚሁ ጥላ ተካፋይ ናቸው። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ስለሆነ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከቤት ሳይወጡ ተቀብቶ በየ2 ሰዓቱ ቢደገም መልካም ነው። ለውኃ እኔ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል እቆጥራለሁ፤ እስከዛሬ ተርፎ ያስቆጨኝ ጊዜ የለም።

ጣፋጭ መጠጥ ሲከፈት ንብና ተርብ ይመጣሉ። በጣሳ የምትጠጡ ከሆነ ውስጡ የገባውን ማየት ስለማይቻል ሁሉንም ውስጡ በሚታይ ብርጭቆ ቀድቶ መጠጣትን እመርጣለሁ፤ ከንፈር ላይ የተነደፈ ልጅ ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳኛል።

መመለሻው አጭር ነው። ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የዋለውን ሳልሳሳ እጥላለሁ፤ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ሳጥኑ ውስጥ የቆየው ተመልሶ ፍሪጅ ይገባል። ሳጥኖቹ በሳሙና ታጥበው እስኪደርቁ ክፍት ይቀመጣሉ፤ እርጥብ ተዘግቶ የከረመ ሳጥን በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ አንዴ አውቀዋለሁና። ምንጣፉ ገመድ ላይ ይሰጣል። መክፈቻው ከእጀታው ላይ አይፈታም።