ቁጥር 9ን የሰበርኩ ቀን

የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ከገዛሁ ወዲህ ሽንት ቤት ውስጥ መብራት አጥፍቼ መቆም ልማዴ ሆኗል። ከቤታችን ድቅድቅ ብሎ የሚጨልመው እሱ ብቻ ነው። ልጄ በሩን ትደበድባለች። እኔ ከውስጥ «ቆዪ አንዴ፣ አምስት እንቁላል ቀረኝ!» እላለሁ።

እንቁላሉ ውስጥ ጫጩት መያዙን የማየው በስልኬ መብራት ነው። ያለቀ የሶፍት ካርቶን አሳጥሬ ቆርጬ መብራቱ ላይ አቆመዋለሁ፤ ብርሃኑ ወደ ጎን እንዳይፈስ። ከዚያ የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ ቀዳዳው ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። የአየር ኪሱ ያለው በሰፊው ጫፍ በኩል ነው።

ማሽን ውስጥ ከገባ በ7ኛው ቀን ጫጩት የያዘ እንቁላል አያደናግርም። ጠቆር ያለች ነጥብ ትታያለች፤ ዙሪያዋን ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተዋል። አውራ ያልነካው ግን ወለል ያለ ቢጫ ነው፤ አስኳሉ እንደ ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። የደም ቀለበት የሚባልም አለ። አንድ ቀይ መስመር እንደ ክር ይዞረዋል፣ የደም ሥሮቹ ግን ጠፍተዋል። እሱ ጀምሮ የሞተ ነው።

አያደናግርም ያልኩት ስለ ነጩ ነው። ቡናማው ጣጣ አለው። በመጀመሪያው ዙር ቁጥር 9 (ሁሉም ላይ በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ) ድፍን አለብኝ። ቅርፊቱ ጠይም፣ የያኔው ስልኬ መብራት ደካማ። የደም ሥር ፈልጌ አጣሁ። ባዶ ነው ብዬ ሳህን ላይ ሰበርኩት።

የክብሪት ራስ የምታክል ቀይ ልብ ትር ትር ትላለች። ሁለት ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች አሉት። ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ እንዳታይ ፎጣ ጣል አደረግኩበት።

ከዚያ ወዲህ በ7ኛው ቀን የተጠራጠርኩትን አልጥልም። የጥያቄ ምልክት ጽፌበት እመልሰዋለሁ፣ በ10ኛው ቀን ደግሜ አየዋለሁ። የሚሸት ወይም ቅርፊቱ ላይ ፈሳሽ ያዣበት ከሆነ ግን ምሕረት የለም። የገማ እንቁላል ማሽን ውስጥ ከፈነዳ ሌሎቹንም ይበክላል። ሽታውን ተዉት።

«ይቀዘቅዝብኛል» ብሎ ጭራሽ የማያይም አለ። ማሽኔ 37.5 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስድስት ስድስቱን አውጥቼ በጥቂት ደቂቃ እመልሳለሁ። የታቀፈች ዶሮስ ለመብላት ትነሳ የለ? በየቀኑ ማየት ግን ሱስ ነው፣ ልጄን ይመለከታል።

በ14ኛው ቀን አብዛኛው ጠቁሮ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በ18ኛው ከአየር ኪሱ በቀር ጥቁር ነው። ያኔ ማገላበጡም ማየቱም ያበቃል፤ እርጥበቱን ከፍ አድርጌ ክዳኑን እዘጋለሁ።

በዚህኛው ዙር 24 አስገባሁ። ሦስቱ ባዶ፣ አንዱ የደም ቀለበት፣ ሁለቱ የጥያቄ ምልክት። ከሁለቱ አንዱ በ10ኛውም ቀን ወለል ብሎ ስለቆየኝ ወጣ። ሌላው ቁጥር 17 ነው፣ እንደዚያኛው ጠይም። ብዙ ካዞርኩት በኋላ አንዲት ቀጭን የደም ሥር አሳየኝ፤ መለስኩት።

ዛሬ 20ኛ ቀናቸው ነው። ስድስቱ ቅርፊታቸውን ነቁረዋል። 17 ገና ነው። ልጄ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ለጥፋ «የጥያቄ ምልክቱ እየጮኸ ነው» ትለኛለች። እኔ አልሰማሁም።