ጀርመን አገር መንዳትን እንደገና ስማር

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ጀርመን ከገባችሁ፣ ኑሯችሁን እዚያ ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ በሱ መንዳት የምትችሉት ለ6 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ማለፍ የግድ ነው። 6 ወሩ ስላለፈ «በቃ፣ ከዜሮ ልጀምር» የሚሉ ሐበሾች ብዙ አጋጥመውኛል። እንደዚያ አይደለም። ያገር ቤቱ ፈቃድ የጸና ከሆነ፣ አዲስ ተማሪ የግድ የሚወስደውን የትምህርት ሰዓት ሕጉ አያስገድዳችሁም። ለፈተናው ግን በመንጃ ትምህርት ቤት በኩል ነው የምትቀርቡት።

ወረቀቱ ብዙም አያስቸግርም። የመንጃ ፈቃዱ ትርጉም፣ የዓይን ምርመራ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ። የጽሑፍ ፈተናው 30 ጥያቄ ነው። በአማርኛ የለም፣ እኔ በእንግሊዝኛ ወሰድኩት።

ዋናው ሥራ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ መስቀለኛ ላይ የምንግባባው በዓይን ነው። ቀድሞ የገባ ያልፋል፣ ክላክስ ያደረገም «አለሁ» ብሏል። ጀርመን ከተማ ውስጥ ክላክስ ለአደጋ ብቻ ነው። በየሰፈሩ ምልክት የሌለው መስቀለኛ ሞልቷል፣ እዚያ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። የሱ መንገድ ጠባብ ቢሆን፣ የሚነዳው ሳይክል ቢሆን ለውጥ የለውም። ከቀኝ የሚመጣው ሰው ዓይናችሁን አያይም። እንደምትቆሙ ተማምኖ ዝም ብሎ ይገባል።

ይህን የተለማመድኩት በእግሬ ነው። ማታ ማታ ሰፈሬን እየዞርኩ በየማዕዘኑ ቆሜ «አሁን ቅድሚያው የማን ነው?» እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር። የቆሙ መኪኖች የቀኙን መንገድ ይጋርዳሉ። ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። መሪ ከያዙ በኋላ ይህን ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሁለተኛው አንገት ነው። ወደ ቀኝ ከመታጠፋችሁ በፊት ስፖኪዮ ብቻ አይበቃም፣ በትከሻችሁ ላይ ዞር ብላችሁ ማየት አለባችሁ። ስፖኪዮው የማያሳየው ቦታ ላይ ሳይክል ይኖራል። ፈታኙም ከኋላ ወንበር ሆኖ አንገታችሁን ነው የሚያየው።

አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ግን ልቤን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ተጨናንቆ መኪና መንቀራፈፍ ሲጀምር፣ የግራው ረድፍ ወደ ግራ ይጠጋል፣ የቀረው ሁሉ ወደ ቀኝ። መሐሉ ለአምቡላንስ ክፍት ይሆናል። ሳይረን እስኪሰማ የሚጠብቅ የለም፣ ሕጉም አይፈቅድም። አዲስ አበባ መኪና መሐል ተቀርቅሮ የሚጮኽ አምቡላንስ ያየ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማውን ያውቃል። አገሬ ላይ ባየው ብዬ በጣም የምመኘው ደንብ ይህ ነው።

ሕጉ ባያስገድዳችሁም ጥቂት ሰዓት ከአሰልጣኝ ጋር ንዱ። አሰልጣኞቹ ፈተና የሚሰጥበትን አካባቢ ያውቁታል፣ ለነሱ መክፈልም ፈተናውን ወድቆ ድጋሚ ከመፈተን ይሻላል። ደግሞ አዲሱን ፈቃድ ስትቀበሉ የኢትዮጵያውን ታስረክባላችሁ፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ኮፒ አድርጉት።