ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ

ሰው ምኞቱን ማወቅ ከፈለገ ዓይኑ የት የት እንደሚያርፍ ይከታተል፤ ይህን ማሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው። ሠርግ ቤት ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እኔ የሙሽራውን ኮት አያለሁ፤ እጅጌው ከትከሻው ጋር የተጋጠመበት ተኮማትሮ ይሆን? ኮሌታው ከአንገቱ ሸሽቶ ይሆን? ከአራት ኪሎ ስታዲየም ስሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰውዬ ጀርባ ስፌት ስከተል «ወራጅ» ሳልል የማልፍበት ጊዜ አለ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን አልጠላውም። ነገር ግን እንዲህ አፍዝዞ ያስቀረኝ ቫውቸር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሂሳብን መርጬ ገባሁ ለማለት አልደፍርም። በእኛ ጊዜ 70 በ30 የሚባል ነገር ነበር፤ ከመቶ 70ው ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይገባል። እኔ ከ30ው ወገን ነበርኩ። ፎርም ሞላን፣ ውጤት ታየ፣ ምደባ ተለጠፈ። ስማችንን በጣታችን እየተከተልን ስንፈልግ «ለመሆኑ ምን ትወጃለሽ?» ያለኝ ሰው የለም፤ ለራሴም ጥያቄው ትዝ አላለኝም። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ፣ በቃ።

ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ጋብዞልን ነበር። ልጁ ድምፁ ያምራል፣ መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። «የምትሠሩትን ካልወደዳችሁት ዛሬውኑ ልቀቁ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ እያጨበጨበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የቤት ኪራዬን እሱ ይክፈልልኛ!» አለችኝ። ከዚያ እንደተለመደው አበበ ቢቂላ መጣ፤ ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960፣ ባዶ እግር።

እውነት ነው፣ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው። ግን እኮ አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደመወዝተኛ ነው፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ደግሞ ያሠለጥነው ነበር። ስለ እግሩ እንጂ ስለ ደመወዙ ያወራ አነቃቂ ተናጋሪ እስካሁን አልሰማሁም። ለእኔ ግን የሚጠቅመኝ ወሬ ይኸኛው ነው። በወር መጨረሻ ደመወዝ የሚገባለት ሰውም ሮም ድረስ ይሄዳል ማለት ነው።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ስወጣ አፍሪካ አዳራሽን ባየሁ ቁጥር ደግሞ የማስበው ሌላ ሰው አለ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ገና ልጅ ናቸው። ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው የመስታወት ሥዕላቸው 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማዕድን ፍለጋው ሌላ ሰው አላጣም። እሳቸውም ቢሆኑ ዘርፉን ቀየሩ እንጂ ትምህርቱን ጥለው አልወጡም፤ ይህችን ነገር ልብ ማለት ደስ ይለኛል።

እኔም ሥራ አልለቀቅኩም። ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ ግን ፒያሳ ጋሼ ዘንድ ነኝ፤ ስፌት እየተማርኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወንድ ሙሉ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። የድሮው ሱቃቸው በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄደ፤ አሁን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው፤ መስኮት የለውም፣ መብራት ሲጠፋ በእግር የምትረገጠው ሲንጀራቸው በስልክ ባትሪ ብርሃን ትሠራለች። መጀመሪያ ሲያዩኝ ቀሚስ ላሰፋ የመጣሁ መስሏቸው «የሴት አልሰፋም የኔ ልጅ» ብለው ሊመልሱኝ ነበር።

አሁን ያለሁት እጅጌ ላይ ነው። ኮት ለብሶ የሚውል ሰው ይህን አያውቅም፤ እጅጌው ከላይ ሆን ተብሎ ከሚገባበት ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይቀደዳል። ትርፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሳትታጠፍ፣ ሳትሸበሸብ መግባት አለባት፤ አለዚያ ኮቱ ትከሻው ላይ ተኮማትሮ ይታያል። መጀመሪያ በእጅ ላላ አድርጌ እሰፋለሁ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ እንፋሎት ትርፉን አስጠጣዋለሁ። «አታሽከርክሪው! ተጫኚና አንሺ!» ይላሉ ጋሼ ከጀርባዬ። ስፌቱ ላይ አንዲት እጥፋት ካዩ ምላጭ ያቀብሉኛል፤ ሌላ ነገር አይናገሩም። ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። በመሥሪያ ቤት አንድ ስሌት ሁለቴ መሥራት ቀኔን የሚያበላሽብኝ ሴት፣ እዚህ ያንኑ እጅጌ ስፈታ ስሰፋ አመሻለሁ።

እማዬ ነገሩን አልወደደችውም። «ዩኒቨርሲቲ በጥሰሽ መጥተሽ መርፌ?» አለች። አልፈርድባትም፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ እየሰማች ያደገች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ሐውልታቸው ከጋሼ ሱቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ አዋጁ ግን እኛ ቤት ገና አልደረሰም። ሰሞኑን ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቃት «ማታ ማታ ኮርስ እየወሰደች ነው» ስትል ሰማኋት። የምን ኮርስ እንደሆነ አልጨመረችም።

ብር ይገኝበት ይሆን? የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ቢገኝበት አልጠላም፤ የእቁብ ዕጣዬ ሲወጣ የራሴን የስፌት መኪና ልገዛ አስቤያለሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ለሠርጉ እንድሰፋለት ለምኖኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በሠርጉ ቀን ዓይኔ የት እንደሚያርፍ ስለማውቅ።

ለጋሼ «ኮሌታ መቼ ነው የምጀምረው?» ብላቸው «ከፋሲካ በኋላ እናያለን» ብለውኛል። እስከዚያ እጅጌ ነው።