ያልደረቀው ቱታ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የምርት ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ አስተዳደሩንና ሠራተኛውን ሲያጨቃጭቅ የኖረው ጉዳይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይሆን የእግር ኳስ ማሊያ ነበር። ቅዳሜና እሁድ አርሰናል ወይም ማንችስተር ዩናይትድ አሸንፎ እንደሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ከሚገባው ሠራተኛ ብዙው ማሊያ ለብሶ ይመጣል፤ ከእነዚህም መካከል ልጅ የዳሩና የዕድር ዳኛ የሆኑ ጎልማሶች አይጠፉም። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ከሥርዓት ማጣት ይቆጥሩት ስለነበር፣ «ትዳር የያዘ ሰው እንደ ሰፈር ልጅ ማሊያ ለብሶ ደንበኛ ፊት አይቆምም» በማለት ክልከላውን ጽፈው በሰሌዳ አስለጠፉ። ሠራተኛው ግን እንደ ንቀት ቆጠረው፤ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላም የማሊያው ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እኔ በበኩሌ ጎልማሳ ሰው ማሊያ መልበሱ የሚያስነቅፍበት ምክንያት ታይቶኝ አያውቅም። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሊድስ ዩናይትድ ከአድሚራል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ማሊያው ለደጋፊ መሸጥ ሲጀምር ገበያው በዋናነት የታሰበው ለልጆች ነበር። የእኛ ሰው የሚለብሰው ግን ለደጋፊነቱ ብቻ አይደለም፤ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ኮፒ ማሊያ ዋጋው ከደህና ሸሚዝ ያንሳል፣ ካውያ አይፈልግም፣ ማታ ታጥቦ ቢሰጣ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ቆይቶ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ ተገኘ።

አደጋው የደረሰው የእንግሊዝ ሊግ ገና በተጀመረበት በነሐሴ ወር ነው። አንድ በያጅ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የጣሪያ ቱቦላሬ ከሥሩ ቆሞ ሲበይድ፣ የቀለጠ ብረት ጠብታ ከቆዳ ሽርጡ ማንገቻ አልፎ ትከሻው ላይ አረፈ። የለበሰው ቀዩን የአርሰናል ማሊያ ነበር። የጥጥ ልብስ ቢሆን ኖሮ ጠቁሮ ይበሳ ነበር፤ ማሊያው ግን ቀልጦ ቆዳው ላይ ተጣበቀ፣ የቀዳዳውም ጠርዝ እንደ ዶቃ ጠጥሮ ቀረ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ማሊያውን በጭንቅላቱ በኩል ሊያወልቅለት ሲታገል፣ የክፍሉ ካፖ (የሠራተኞቹ አለቃ) ከወዲያ ጫፍ «ተው! ቆዳውን ይዞት ይነሳል!» ብለው ጮኹ። በቀጥታ ወደ ቧንቧው ወስደው ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር አቆዩት፤ የጥርስ ሳሙና ይዞ የመጣውንም ሰው መልሰው ሰደዱት። ያልተጣበቀውን ጨርቅ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጠው፣ የተጣበቀውን ሳይነኩ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ቁስሉ ከአንድ ብር ሳንቲም ባይበልጥም ጥልቅ ስለነበር ለመዳን ጊዜ ወሰደ።

ካፖው ሰውየው ተመልሶ ሥራ እስኪገባ አልጠበቁም። በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ከማሊያው የተቆረጠውን ጨርቅና ከአሮጌ ቱታ የተቀደደ ቁራጭ በፒንሳ ይዘው በየተራ እሳት አስነኳቸው። የቱታው ጨርቅ ተቃጥሎ አመድ ሆነ፤ የማሊያው ግን እየቀለጠ መሬት ላይ ተንጠባጠበ፣ የነካውንም ላሜራ ይዞ ደረቀ። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ማሊያ የሚሠራበት ፖሊስተር 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ከብየዳ የሚፈናጠረው የብረት ጠብታ ሙቀት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የሃይላንድ ውኃ ፕላስቲክም የዚሁ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ናይኪ ለብሔራዊ ቡድኖች ያቀረበው ማሊያ እያንዳንዱ እስከ 8 ከሚደርሱ ያገለገሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች የተሠራ ነበር። ይህን የሰማ አንድ የማንችስተር ደጋፊ «አርሰናሎች ድሮም ፕላስቲክ ናችሁ» ብሎ ቤቱን አሳቀ፤ የእርሱም ማሊያ ከዚያው እንደተሠራ ካፖው ነገሩት።

ስብሰባው በሳቅ ሊበተን ሲል ነው ካፖው ዋናውን ጥያቄ ያነሱት፤ ሰውየው የዚያን ዕለት ቱታውን ለምን አልለበሰም? መልሱን የሰጡት ባልደረቦቹ ናቸው። ድርጅቱ ለአንድ ሰው በዓመት የሚሰጠው አንድ ቱታ ነው፤ ወፍራም ጥጥ በክረምት ከታጠበ በሁለት ቀንም አይደርቅም፤ ሠራተኛውም ቱታው እስኪደርቅ የደረቀውን ማሊያ ለብሶ ይመጣል። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ክልከላ ማሊያው ቢወልቅ በምትኩ ምን እንደሚለበስ አንድም ቃል አልነበረውም።

ሥራ አስኪያጁ ይህ ሲነገራቸው አልተከራከሩም። ለእያንዳንዱ በያጅና ቆራጭ ሁለተኛ ቱታ እንዲገዛ አዘዙ፤ የቀድሞው ማስታወቂያም ተነሥቶ፣ በብየዳና በመቁረጫ ክፍል ማሊያም ሆነ ሌላ የሚቀልጥ ልብስ በቱታ ሥር እንኳ እንዳይለበስ የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ተተካ። በቱታ ሥር ያልነው ሙቀት ሲበረታ ደረቱን ከፍቶ የሚሠራው ስለሚበዛ ነው። ከክፍሉ ውጭ፣ በበር፣ በምሳ ሰዓትና መኪና እስኪመጣ በሚጠበቅበት ጊዜ ግን ማንም የወደደውን ቢለብስ የሚጠይቀው እንዳይኖር ተደረገ። አዲሱን ክልከላ ያለ ጭቅጭቅ የጠበቁት ቀድሞ ማሊያ በመልበስ የታወቁት ራሳቸው ናቸው።

የቀረው ክርክር የአዲሱ ቱታ ቀለም ነበር። ነባሩ ሰማያዊ የቼልሲ ነው ተብሎ ተነቀፈ፤ ቀይ ይሁን ሲባል የአርሰናልና የማንችስተር ደጋፊዎች የማን ቀይ እንደሆነ መስማማት አቃታቸው። ግዥ ክፍሉም ግራጫ ገዝቶ ተገላገለ።