ሞተሪኖው ነው ወይስ ናፍጣው?

ከባድ መኪና «ለመነሳት ያስቸግራል» ተብሎ ሲመጣልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ደክሞ ነው የሚያዞረው ወይስ በደንብ እያዞረ ነው ሞተሩ አልነሳ የሚለው? ብዙ አሽከርካሪዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ይነግሩኛል። እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቼ ሳልለያቸው መፍቻ አላነሳም። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የናፍጣ። ይህ ባለመለየቱ ስንት ደህና ሞተሪኖ ተፈትቶ ተጥሏል! ባለንብረቱ አዲስ ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ በማግሥቱ ያው ችግር ሲጠብቀው ማየት ከልቤ ያናድደኛል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ (እሳት የሚጭር ክፍል) የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ታምቆ የጋለ አየር ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አየሩ በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ለማምለጥ፣ ሙቀቱም ወደ ብረቱ ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ድካሙ ራሱ አለመነሳትን ያስከትላል፤ ናፍጣው ምንም ሳይጎድለው።

ዙሩ የደከመ ከሆነ ከባትሪ እጀምራለሁ። ሙሉ ኃይል ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን አያሳምነኝም፤ ባትሪ የሚታወቀው ሸክም ሲያርፍበት ነው። በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ስለሚያያዙ በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ እኩል ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ እያንዳንዱን ለየብቻ ስለካ አንዱ 11 ላይ ቆሞ ሌላው ወደ 8 ከወረደ በሽተኛው ተገኘ ማለት ነው።

ባትሪዎቹ ደህና ከሆኑ ከሁሉም አብልጬ ወደምወደው ልኬት እሄዳለሁ። ሞተሩ እንዳይነሳ ናፍጣውን እዘጋለሁ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ በማሰሪያው ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ አድርጌ ረዳቴ ቁልፉን እንዲያዞር እነግረዋለሁ። መልቲሜትሩ የሚያሳየው ገመዱ የበላውን ቮልት ነው። በባለ 12 ቮልት መኪና ከግማሽ ቮልት ካለፈ ገመዱን ወይም ማያያዣውን እጠረጥራለሁ። ከዚያ ማሳውንም፣ ማለትም ኮረንቲው ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ እንዲሁ እለካለሁ፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል ድረስ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንኑ ነው፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱን ደጋግሜ ያገኘሁት እዚሁ ነው። የማሳው ገመድ ሻሲውን የሚነካበት ቦታ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ብሎኑ ሲፈታ ግን ከሥሩ ቀለምና ዝገት ይወጣል፣ የመዳቡ ክሮችም አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። አንድ ሺህ አምፔር ሲሳብ አንድ ሚሊ ኦም ሬዚስታንስ ብቻ አንድ ሙሉ ቮልት ይውጣል። ያንን ያህል ትንሽ ነገር ተራ የኦም ልኬት አያየውም፤ ሸክም ላይ የተለካ ቮልት ግን ያጋልጠዋል።

በዚህ ሁሉ መሀል ሞተሪኖው እረፍት ይፈልጋል። ከ30 ሰከንድ በላይ ያለማቋረጥ አላዞርም፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ እንዲቀዘቅዝ እተወዋለሁ።

ዙሩ ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ብቻ ከዘገየ ዓይኔ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ አልተቃጠለም ማለት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደሩ ጋ አልደረሰም። እዚህ ላይ ቶሎ የሚቀጣጠል ኤተር ወደ አየር ማስገቢያው የሚነፋ ሰው አለ፤ አየር ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ፍንዳታ ሊያስከትል ስለሚችል አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት የሚያስቸግር፣ አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ የሚታዘዝ ሞተር ናፍጣው ወደ ታንኩ ተመልሶበት ይሆናል። ከፊልትሮው በፊት ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ቱቦ ገጥሜ እመለከታለሁ። አረፋ ተከታትሎ ካለፈ አየር ከየት እንደሚገባ ወደ ታንኩ አቅጣጫ እየተከተልኩ እፈልጋለሁ፤ የደረቀ የፊልትሮ ጎሚኒ፣ የላላ ማያያዣ፣ ከሻሲው ጋር ተፋትጎ የሳሳ ቱቦ።

ኮመን ሬል ሞተር፣ ማለትም ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሁሉ ከፍተኛ ግፊት ካለው አንድ የጋራ ቱቦ የሚቀበሉበት፣ ሌላ ጠባይ አለው። የናፍጣው ግፊት ከተወሰነ መጠን በላይ እስኪደርስ፣ በብዙዎቹ 200 ባርና ከዚያ በላይ፣ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም። በስካነር ላይ ግፊቱ ሲንቀረፈፍ ካየሁ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመልሰውን ትርፍ ናፍጣ በየጠርሙሱ እቀዳለሁ። የአንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ተለይቶ ቶሎ ከሞላ ግፊቱን የሚያፈሰው እሱ ነው። ቀጥሎ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩን የመመለሻ ቱቦ እፈታለሁ፤ ሞተሪኖው እየዞረ ከዚያ ናፍጣ መውጣት የለበትም። ጠርሙሶቹ እኩል፣ ቫልቩም ደረቅ ሆኖ፣ ከታንኩ የሚመጣው ናፍጣም ሳይጎድል ግፊቱ አሁንም አልወጣ ካለ፣ ስለ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ከባለንብረቱ ጋር የምነጋገረው ያን ጊዜ ነው።