ሰኞ ጠዋት የሚቀሩት ተማሪዎች

በወሎ፣ በደላንታ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍና ከሌሎች ሩቅ ቀበሌዎች መጥተው፣ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ ከቤተሰባቸው በሚያመጡት ስንቅ የሚማሩ ናቸው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ከክፍያ ነፃ ቢደረግም፣ የቤት ኪራዩን፣ ማገዶውንና ዱቄቱን የሚችለው ገበሬው ነው።

ሥራዬን የጀመርሁት ከስም መጥሪያው ነው። የአንድ ሴሚስተር ቀሪዎችን በየዕለቱ ለይቼ ስጽፍ ዓርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት ላይ ተከማችተው አገኘኋቸው፤ ስማቸውን ከመጡበት ቀበሌ ጋር ሳስተያይም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስንቅ የሚያመላልሱ ልጆች ነበሩ። አንዲት እናት «መምህር፣ ልጁ የሰነፈ እንዳይመስልዎ፤ ቅዳሜ የወፍጮው ወረፋ በዝቶ እህሉ ሳይፈጭ መሸብን፣ እሑድ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ፤ ባዶ እጁን እንዴት ልስደደው?» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ደግሞ አጫጭር ፈተናዎች የሚሰጡት በአብዛኛው ሰኞ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱም ቅዳሜ ነበር። ደንቡ ለሁሉም እኩል ቢመስልም ነጥብ የሚያስቀንሰው ግን የገጠሩን ልጅ ነበር።

ዝርዝሩን ለርእሰ መምህሩና ለባልደረቦቼ አቅርቤ ፈተናዎችን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ማጠናከሪያውን በሥራ ቀናት በተቃራኒው ፈረቃ አደረግን፤ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ለክለሳ ዋለ። የከተማው ወላጆች ልጆቻቸው ቅዳሜን ያለ ሥራ እንዳይውሉ ሰግተው ተቃወሙ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነበር። ስለ እኩልነት ብዙ ብናገርም እምብዛም አልተቀበሉኝም፤ የቀሪዎቹን ዝርዝር ከነውጤታቸው ሳሳያቸው ግን ከመካከላቸው በልጅነታቸው ስንቅ ተሸክመው የተማሩት ቀድመው ደገፉን። ከዚህ የተማርሁት መረጃን ይዞ መቅረብን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ካወደመና ከዘረፈ በኋላ የመጻሕፍት እጥረቱ ብሶ ነበር። ስለዚህ መጻሕፍቱን በክፍል አቀማመጥ ማደሉን ትተን አብረው ለሚያድሩ አንድ አንድ ሰጠን፤ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር የሚጋሩ ልጆች ማታ በተለያየ ሰፈር ስለሚያድሩ፣ መጽሐፉን የያዘው ብቻ ያነብ ነበርና።

ያልተፈታው የሴት ልጆች ጉዳይ ነው። ወንድምና እህት አብረው ሲከራዩ ምድጃው የእህቲቱ ይሆናል። አንድ ቀን ማታ ተማሪዎቼን ልጠይቅ በገባሁበት ቤት ወንድምዬው መደብ ላይ ተቀምጦ ያጠናል፤ እህቱ ቂጣ እያገላበጠች፣ ጢሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ደብተሯን ከጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሦስት ማዕዘን ማረጋገጫ ትከልሳለች። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ሁሉም ስለ ፈተናው አሰጣጥ ሲከራከር እኔ ያቺን ልጅ አስብ ነበር። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ለሴቶች ቅድሚያ እንዲሰጥ አድርገናል፤ ወንዶቹንም በየክፍሉ በግልጽ አነጋግረናል። አንዳንዶቹ የማብሰሉን ተራ ተካፍለዋል፣ ብዙዎቹ ግን ገና ናቸው።

አሁን በምዝገባ ወቅት እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚኖርና ምግቡን ማን እንደሚሠራ እንጠይቃለን፤ የክፍል ኃላፊ መምህራንም የጥናት ፕሮግራሙን የሚያወጡት መልሱን አይተው ነው።